ከጓዳው መስኮት ሥር የወደቁት ድንቢጦች

ባለቤቴ ደረጀ ከሞተ በኋላ በሬን ሳያንኳኩ የሚገቡ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ።

ደረጀ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወርድ ፍሬን እምቢ አለውና መኪናው ተገለበጠ። እኔ ያኔ ሸዋ ሮቢት ከተማ ውስጥ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ከቀብሩ በኋላ ወደ ሥራዬ አልተመለስኩም። እንግዳ በፈገግታ መቀበል አቃተኝ። ልጅ አልወለድንም። ለቀስተኛው ሲበተን፣ እህቶቼም ወደየቤታቸው ሲሄዱ፣ እኔና ባዶው ቤት ተፋጠጥን።

እትዬ ዘይነባ በየቀኑ ሳህን ሸፍነው ይመጡ ነበር። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የጾም ቀኔን ግን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያስታውሱት ነበር። ሮብና ዓርብ በሚያመጡልኝ ምግብ ላይ የቅቤ ጠብታ አይገኝም። «አይዞሽ» አይሉኝም። «በቃሽ፣ አታልቅሺ» ብለውኝም አያውቁም። እስክበላ ቁጭ ብለው ይጠብቁና ሳህናቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ከደረጀ የቀረኝ ስልኩ ነበር። መንገድ ላይ ያየውን ሁሉ ፎቶ ማንሳት ስለሚወድ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ነበር የገዛው። ለወራት መሳቢያ ውስጥ ተዘግቶበት ቆየ። አንድ ቀን አውጥቼ ፎቶዎቹን እያየሁ ጓሮ ተቀምጬ ሳለ ፓፓዬው ላይ አንዲት አረንጓዴ ወፍ አረፈች። በምንቃሯ ንብ ይዛ ቅርንጫፉ ላይ ትደበድባለች። ሳላስበው አነሳኋት። ከዚያም ምን ዓይነት ወፍ እንደሆነች ማወቅ ፈለግኩ። ለወራት ምንም ነገር ማወቅ ፈልጌ አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ስማር ባዮሎጂ ያስተማሩኝ ጋሽ ጌታሁን ትዝ አሉኝ። ጡረታ ወጥተው ደብረ ሲና ይኖራሉ። ስልካቸውን አፈላልጌ ፎቶውን ላክሁላቸው። ወዲያው ደወሉ።

«ንብ በል ወፍ ናት፤» አሉኝ። «ንቧን የምትደበድባት መናደፊያዋን ለማስወጣት ነው። እንዴት ያለ ነገር አነሳሽ! ሌላም ላኪልኝ።»

እንዲህ ተጀመረ። ጠዋት ጠዋት ጓሮዬ ያለውን ሁሉ ማንሳት ያዝኩ። ዋኖሶችን፣ ድንቢጦችን፣ የሎሚው ቅጠል ሥር የሚያድረውን ጢንዚዛ፣ ከጭቃ ቤት የሚሠራውን ተርብ። ጋሽ ጌታሁን ስማቸውን ይነግሩኛል፤ የማያውቁትንም «ይሄን አላውቀውም፣ እጠይቃለሁ» ይላሉ። አንድ ነገር ደጋግመው ያስጠነቅቁኝ ነበር።

«መልኳ ስላማረ ወፏን ብቻ አታንሺ፣ ሙሉነሽ። የት እንዳረፈች፣ አጠገቧ ማን እንዳለ፣ መሬቱም ሳይቀር ይታይ።»

ሰፈሩ ግን ማውራት ጀመረ። ሙሉ ከሐዘኑ ወዲህ ነካ አድርጓታል፣ ከዝንብ ጋር ነው የምትውለው ተባለ። እትዬ ዘይነባ ይህን ሲሰሙ፣ «ተዉአት፣ እሰይ ዓይኗን ቀና አደረገች» ብለው እንደመለሱ ሰው ነግሮኛል።

የእትዬ ዘይነባ የጓዳ ግድግዳ ለእኔ ጓሮ አጥር ነው። ከግድግዳው ግራና ቀኝ ቅንጭብ ተተክሏል። ከቆርቆሮው ክፈፍ ዝቅ ብሎ መዝጊያዋ የተሰነጠቀ ትንሽ መስኮት አለች። ድንቢጦች ከመስኮቷ በላይ ጎጆ ሠርተው ጫጩት ፈልፍለው ስለነበር፣ እናትና አባት ሲመላለሱ ማንሳት የጠዋት ሥራዬ ሆኖ ነበር።

በዚያ ሰሞን የእትዬ ዘይነባ ልጅ ሰሚራ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እናቷ ቤት መጥታ፣ ጤና ጣቢያ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ባሏ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። እትዬ ዘይነባ ከጓዳው ቀጥሎ ያለውን ክፍል ለአራሷ አዘጋጁላት፤ ሰሚራና ሕፃኗ በር አጠገብ ካለው አልጋ ላይ፣ እሳቸው ደግሞ ከጓዳው ግድግዳ ሥር መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተው ያድሩ ነበር። ባለቤታቸው ጋሽ እንድሪስ ቤቱን ለሴቶቹ ትተው ከግቢው መግቢያ ካለችው ክፍል ነበር የሚያድሩት።

ጋሽ እንድሪስ ቀወት ውስጥ መሬት አላቸው። ማሽላቸው በዚያ ዓመት ጥሩ ሰጥቷቸው ነበር። ጎተራቸውን ምስጥ ስለጣለባቸው እህሉን በጆንያ አድርገው ጓዳ ከመሩት። ከዚያ የበልግ ዝናብ መጣ። ቆላ ነውና ሲመጣ በኃይል ነው፤ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ውሎ አደረ።

ዝናቡ ባባራበት ጠዋት ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ከጎጆው ድምፅ የለም። ሌላ ቀን ጫጩቶቹ ገና እግሬን ሲሰሙ ነው የሚንጫጩት። ተጠግቼ ሳይ እናቲቱ ከመስኮቷ ሥር ወድቃለች። ቁስል የላትም፣ ላባዋም አልተነቀለም። ዝናቡ መታት ብዬ አዘንኩ። ጎንበስ ብዬ ሳነሳት ግን አጠገቧ ሌላም አየሁ። አባትየው ድንቢጥ። ተርብ። ዝንቦች። ሸረሪት። እንሽላሊት በጀርባዋ ተገልብጣ። ከመስኮቷ ሥር ካለችው ጥቂት መሬት በስተቀር ጓሮው ሁሉ ደህና ነው፤ ሎሚው ላይ ጢንዚዛው እንደ ልማዱ ይሄዳል።

ሁሉንም አንስቼ ለጋሽ ጌታሁን ላክሁ። የደብረ ሲና ጉም ኔትወርካቸውን ሲያጠፋው የተለመደ ነውና መልስ አልመጣም።

በቅንጭቡ ክፍተት እትዬ ዘይነባን አየኋቸው። ውኃ ሊቀዱ ወጥተው የበርሜሉን አፍ ይዘው ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ምነው እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ራሴን ይወቅረኛል፣ ሙሉዬ። ሌሊቱን ሲያስታውከኝ አደረ። ይቺ ወባ ተነሳችብኝ መሰለኝ።»

«ሰሚራስ?»

«እሷም አላማራትም። ምግብ አልረጋላት አለ። የእንድሪስ እህት ፋጡማ ዛሬ ከገጠር መጥታልኛለች፤ ምች ነው፣ በሩን አትክፈቱባት ትላለች። ኢንሻአላህ ይሻላታል።»

«ሐኪም ቤት ብትሄዱስ?»

«እስቲ ጋደም ልበልና፣ ከሰዓት» አሉኝና ባልዲያቸውን ሳይሞሉ ገቡ። በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ ሰማሁ።

ቆላ ነው፤ ወባ በየቤቱ ያለ ነገር ነው። አራስ ቤት በር መዝጋትም የተለመደ ነው። ገብቼ ሽሮ ጣድኩላቸው።

ሽሮው ሳይወርድ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ጌታሁን ናቸው። እንደ ሌላው ጊዜ ሰላምታ አላበዙም።

«ሙሉነሽ፣ እነዚህ ሁሉ ከአንድ ቦታ ነው የተነሱት?»

«አዎ ጋሼ፣ ከአንዲት መስኮት ሥር።»

«ድንቢጥ ብቻ ሞታ ቢሆን በሽታ ነው እላለሁ። ዝንብ ብቻ ቢሆን ሰው ፍሊት ነፍቷል እላለሁ። ወፍም፣ እንሽላሊትም፣ ተርብም፣ ሸረሪትም በአንድ ላይ ከሆነ ግን የተነፈሱትን አየር ነው የምጠይቀው። ደግሞ ወፏ ክንፍ አጠገብ ጥቃቅን ቡናማ ነገር ይታየኛል። አጉልተሽ አንሺና ላኪልኝ።»

ሮጬ ወጣሁ። እኔ አፈር ወይም የሣር ዘር መስሎኝ ነበር ያለፍኩት። ስልኩን አስጠግቼ ሳጎላው እግር አለው። ራሱ ላይ እንደ ዝሆን ኩምቢ የተንጠለጠለች ቀጭን አፍንጫ አለችው። ለዚህ ስሙን የሚነግረኝ አላስፈለገኝም። ነቀዝ ነው። ከመስኮቷ ስንጥቅ ጀምሮ ግድግዳውን ይዞ እስከ መሬቱ ድረስ ሞቶ ተበትኗል።

«ነቀዝ ነው፣ ጋሼ።»

ጋሽ ጌታሁን ቸኩለው ቀጠሉ።

«ነቀዝ እህሉን ጥሎ የሚሸሸው መድኃኒት ሲደረግበት ነው። ከግድግዳው ወዲያ እህል አለ?»

«አለ። ጓዳው ማሽላ ነው።»

«ሰውስ ያድራል?»

«አራስ አለች። ከእናቷ ጋር።»

«አሟቸዋል?»

«ያስታውካቸዋል። ራስ ምታት...»

«ሩጪ!» ብለው ጮኹ። በተማሪነቴም ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም። «በሩን ክፈቺ፣ ሁሉንም አውጪ። አንቺም ውስጥ እንዳትቆዪ። ጋዝ ነው፣ ሙሉነሽ! ሽታው ነጭ ሽንኩርት ወይም የሸተተ ዓሣ ይመስላል። ሩጪ!»

በነጠላ ጫማዬ ዞሬ ግቢያቸው ገባሁ። ጋሽ እንድሪስ ወጥተዋል። የአራሷን በር ደበደብኩ።

«ማነው?» የእትዬ ፋጡማ ድምፅ ነው።

«ሙሉ ነኝ፣ ጎረቤት። በሩን ይክፈቱልኝ።»

«ቀስ በይ፣ ተኝተዋል። አራስ ላይ ነፋስ አይገባም።»

«እትዬ ፋጡማ፣ ቤቱ ውስጥ መርዝ አለ! ከጓዳው ይመጣል!»

«አዑዙ ቢላህ! ማን ነው በወንድሜ ቤት መርዝ ያስገባ? ማን ነገረሽ?»

«ወፎቹ... ከመስኮቱ ሥር ሞተዋል።»

«ያች ወፍ የምታነሺው አንቺ ነሽ አይደል?» ሲሉኝ በድምፃቸው ውስጥ ንቀት አልነበረም፤ ያዘኑልኝ ነው የሚመስለው። «ሂጂ ልጄ፣ ደግሞ ትመጫለሽ።»

ልክ ላልሆን እችላለሁ። ሰው ባልሞተበት ቤት መዓት አውርታ አራስ አስደነገጠች ተብዬ ከሰፈር ልቀር እችላለሁ። ያን ጊዜ ከውስጥ ሕፃኗ ስታለቅስ ሰማሁ። ልቅሶ ካላችሁት። የድመት ግልገል ያህል እንኳ ድምፅ አልነበራትም። በትከሻዬ በሩን ገፋሁት፤ መቀርቀሪያው ከእንጨት ነበርና ተነቀለ።

ሽታው ነው መጀመሪያ የተቀበለኝ። የሸተተ ዓሣ።

ሰሚራ አልጋው ላይ ተኮራምታ ዓይኗ ተከድኗል። ሕፃኗ ደረቷ ላይ እንደ ጨርቅ ተዘርግታለች። አነሳኋትና ሮጬ ግቢው መሃል ባለው ጥላ ሥር ነጠላዬን ዘርግቼ አስተኛኋት። እትዬ ፋጡማ ሊጮሁብኝ ተከትለውኝ ወጥተው የሕፃኗን የጠቆረ ከንፈር ሲያዩ አፋቸውን ያዙ። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተከራከሩኝም። አብረን ተመልሰን ሰሚራን በብብቷ ይዘን አወጣናት።

እትዬ ዘይነባ ቀሩ። ከግድግዳው ሥር ፍራሻቸው ላይ ናቸው፤ ዓይናቸው ተገልጧል፣ ትንፋሻቸው ግን እንደ ሯጭ ሰው ነው።

«እትዬ፣ ይነሱ። እኔን ይደገፉ።»

«ሕፃኗ?»

«ወጥታለች። ሰሚራም ወጥታለች።»

ይህን ሲሰሙ ክንዳቸውን አንገቴ ላይ ጣሉ። ከባድ ሰው አልነበሩም። ከደጁ እስክንደርስ ግን ጉልበታቸው ደጋግሞ ከዳቸው፤ የመጨረሻውን እኔና እትዬ ፋጡማ ተሸከምናቸው። ሰፈሩ ተሰበሰበ። አንዱ ባጃጅ ጠራ፣ አንዱ ጋሽ እንድሪስን ሊፈልግ ሮጠ።

ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ናት። ወባ መስሏቸው እንደነበር፣ ጓዳው ውስጥ እህል እንዳለ፣ ነቀዙ እንደሞተ ተንተባትቤ ነገርኳት። ስልኬን ተቀብላ ፎቶዎቹን አየች። «የነቀዝ ኪኒን ነው» አለችና ሥራ ጀመረች። ሦስቱንም ኦክስጅን አደረገችላቸው። ልባቸውን በመሣሪያ ተከታተለች። ለብቻዋ ሳገኛት ማርከሻ መድኃኒት እንዳለው ጠየቅኳት።

«ማርከሻ የለውም» አለችኝ ሳትደብቀኝ። «ሰውነታቸውን እየደገፍን መጠበቅ ነው። ሕፃኗና እናቷ ከበሩ አጠገብ መሆናቸው በጅቷቸዋል። ለአያትየው እፈራለሁ።»

ጋሽ እንድሪስ ጥቁር ፌስታል ይዘው እየሮጡ መጡ። ውስጡ የመድኃኒቱ ቆርቆሮ አለ። ለሐኪሟ ሰጧት።

«ነቀዝ ገብቶበት ነበር። ገበያ የሸጠልኝ ሰው በየጆንያው ጣል ጣል አድርግ ነው ያለኝ። ሰው ይገድላል አላለኝም፣ ወላሂ አላለኝም።»

«ዝናብ ገብቶበት ነበር?» አለች ሐኪሟ።

«ቆርቆሮው ያፈስሳል።»

«እርጥበት ሲያገኝ ጋዙ ይበረታል፣ አባባ። ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አይደረግም።»

ጋሽ እንድሪስ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው መሬት ተቀመጡ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሚስታቸው ከእኔ ጋር ይቀመጡ እንደነበረው ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

ወደ ማታ ሕፃኗ ጠባች። ሰሚራም ውኃ ጠይቃ ጠጣች። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ሐኪሟ እትዬ ዘይነባ ዘንድ እንድገባ ፈቀደችልኝ። የኦክስጅኑን ማስክ በእጃቸው ዝቅ አደረጉት።

«ሙሉዬ፣ ልጅቷ ጠባች?»

«ጠብታለች፣ እትዬ። አሁንም እየጠባች ነው።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ማስኩን መልሼ አደረግኩላቸው። ፀሐዩ ሳይበረታ ልባቸው ቆመ።

በዚያው ቀን ተቀበሩ። ደረጀ ሲሞት ያላለቀስኩት ልቅሶ ሁሉ ያን ቀን ወጣ። እትዬ ፋጡማ ከሴቶቹ መሃል መጥተው ራሴን ጉያቸው ውስጥ አስገቡ፤ «የተነቀለው መቀርቀሪያ እጅሽን አቁስሎታል፣ አላየሽውም?» ብለው መዳፌን በሻሻቸው አሰሩልኝ።

ከለቅሶው በኋላ ጋሽ እንድሪስ ከሰው ጋር መነጋገር አቆሙ። መስጊድ ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ደጃፋቸው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ጓሮዬ መጡ።

«ያንን ፎቶ አሳይኝ፣ ልጄ።»

«ይቅርብዎ ጋሼ።»

«አሳይኝ።»

አሳየኋቸው። ድንቢጧን፣ እንሽላሊቷን፣ ነቀዙን፣ አንድ በአንድ አዩ። ስልኩን የሚመልሱልኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። አልመለሱልኝም።

«የእሷ አለሽ? የዘይነባ? እቤት ያለው መታወቂያዋ ላይ ያለው ብቻ ነው። እዚያ ላይ እሷን አትመስልም።»

እትዬ ዘይነባን አንስቻቸው አላውቅም ነበር። ልላቸው ስል ከቅንጭቡ ላይ ያረፉ ዋኖሶችን ያነሳሁበት ጊዜ ትዝ አለኝ። ፈለግኩት። ሁለት ዋኖሶች ጎን ለጎን ናቸው፤ ከኋላቸው፣ ትንሽ ደብዘዝ ብለው፣ እትዬ ዘይነባ የታጠበ ልብስ ያሰጣሉ። አንድ ነገር እያሉ የሚስቁ ይመስላሉ። ጋሽ እንድሪስ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው እስኪመሽ ድረስ እዚያው ተቀመጡ። አሳትሜ ሰጠኋቸው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ወፎቹ ከሰማይ የተላኩ ናቸው ልላችሁ አይደለም። ድንቢጥ ድንቢጥ ናት። ደረቷ ትንሽ ናት፣ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፤ እኛን ለመጣል ውሎ የሚያድር ነገር እሷን በሰዓታት ይጥላታል። እኔ ያደረግኩት ጎንበስ ብሎ ማየትና የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ነው። ትንሽ ቀደም ብዬ ባየሁ ብዬ የማዝንባቸው ቀናት አሉ። ከዚያ ሰሚራ ልጇን አዝላ በበሬ ትገባለች፣ ሐዘኔም ቦታ ይለቃል።

ከደረጀ ሞት በኋላ ዓይኔን ወደ ወፎቹ ያዞርኩት የሰው ፊት ላለማየት ነበር። አሁን የሰው ፊትም አያለሁ። ጎረቤቴ «ወባ ናት» ሲለኝ ገብቼ እቀመጣለሁ፤ ቤቱን አያለሁ፣ አሸታለሁ፣ እጠይቃለሁ። ወደ ሥራዬም ተመልሻለሁ። ጓሮዬንም አልተውኩም።

እህል አስቀምጣችሁ ከሆነ መድኃኒት ካለበት ጓዳ አጠገብ አትተኙ፤ ልጅም አታስተኙ። ይህን በሰፈራችን የምናገረው ግን እኔ ብቻ አይደለሁም። አዝመራ በገባ ቁጥር ጋሽ እንድሪስ ከዘራቸውን ይዘው ይመጡና አብረን ቤት ለቤት እንሄዳለን። እኔ ስለ ጋዙ ለማስረዳት አፌን ሳልከፍት እሳቸው ይቀድሙኛል።

«ሚስቴን የገደልኳት እህሌ እንዳይነቅዝ ብዬ ነው» ይላሉ።

ከዚያ በኋላ የሚከራከር ሰው የለም። አባወራው ይነሳና ጆንያውን ከቤት ማውጣት ይጀምራል።